አገር ቤት ለእረፍት ገብተን የተጠቀምንበት የጡት ካንሰር ምርመራና ምክር፦ ምን ተሟላ፣ ምን ጎደለ

በዚህ ጉዞ ለአንዲት የቤተሰባችን አባል አልትራሳውንድና ናሙና ማስወሰጃ፣ የፓቶሎጂ ምርመራ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ማየት) እና የካንሰር ሐኪም ምክር አግኝተናል። ውጤቱ ትሪፕል ኔጌቲቭ የሚባለው፣ በፍጥነት የሚያድገው የጡት ካንሰር ነው፤ ማለትም የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ተቀባዮች (ሆርሞኑን የሚይዙ የሴል ፕሮቲኖች) የሌሉት፣ ኸር-2 የሚባለው ተቀባይም ያልበዛበት። ከሦስቱ አገልግሎቶች ደካማው ፓቶሎጂው ስለሆነ ብዙ የምንለውም ስለ እሱ ነው።

ናሙናው በአልትራሳውንድ እየታየ በወፍራም መርፌ ተወስዷል፤ ትክክል ነው። በቀጭን መርፌ የሚወጡት የተበታተኑ ሴሎች ስለሆኑ ለተቀባይ ምርመራ አያስተማምኑም። ብብትም ታይቷል። የጎደለው ክሊፕ ነው። ከኬሞ (ካንሰር ገዳይ መድኃኒት) በፊት ዕጢው ውስጥ ትንሽ የብረት ምልክት ካልተቀመጠ፣ መድኃኒቱ ዕጢውን ሲያጠፋው ቀዶ ሐኪሙ የሚቆርጡበትን ቦታ ያጣሉ።

ወደ ፓቶሎጂው እንምጣ። ናሙና በ1 ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን (ናሙናው እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ ገብቶ ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለበት፤ ፎርማሊኑም ቢያንስ የናሙናውን 10 እጥፍ ይሁን። እኛ በተቀበልነው ቅጽ ላይ የገባበትም የወጣበትም ሰዓት አልተጻፈም። ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በደንብ ያልተጠበቀ ናሙና ተቀባዩ እያለው እንኳ ተቀባዩን የሚያሳየውን የምርመራ ቀለም ላይይዝ ይችላል፤ ያኔ «ሦስቱም ኔጌቲቭ» ይባልና በሽተኛዋ የሚያስፈልጋትን ሆርሞንን የሚከላከል መድኃኒት ሳታገኝ ትቀራለች። ስለዚህ አጠገቡ ያለው ጤናማ የጡት ቲሹ ለኤስትሮጅን ቀለም ይዞ እንደሆነ ጠይቁ፤ እሱም ካልያዘ ምርመራው ይደገም። ኸር-2 «2+» ከተባለም ኔጌቲቭ ማለት አይደለም፣ የጂን ምርመራ ይጨመርበታል።

የሐኪሟ ምክር ግን ጥሩ ነበር፤ ሳይቸኩሉ አስረድተውናል። ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ወይም ብብት ከደረሰ ኬሞ ከቀዶ ሕክምና ይቀድማል። የተለመደው የኬሞ ቅደም ተከተል ፓክሊታክሴልና ካርቦፕላቲን ለ12 ሳምንት፣ ቀጥሎ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ በየ3 ሳምንቱ 4 ዙር ነው። የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሳሳው ፔምብሮሊዙማብ ከተገኘ አብሮ ይጀመርና ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ይቀጥላል። በዋናው ጥናት ዕጢው ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ያለ እሱ 51 በመቶ፣ ከእሱ ጋር 65 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሆኖም ታይሮይድን፣ ሳንባን ወይም ጉበትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ አንዳንዴ ከወራት በኋላ። በቀዶ ሕክምናው የተረፈ ካንሰር ከተገኘ ካፔሲታቢን የሚባል የሚዋጥ ኬሞ ይታሰባል። በዘር የሚተላለፍ የቢአርሲኤ (የጡት ካንሰር አደጋን የሚጨምር ጂን) ለውጥ ያለባትና በሽታው የመመለስ አደጋዋ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ኦላፓሪብ የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ለ1 ዓመት አለ። የዘር ምርመራውን መጀመሪያ ላይ ማዘዝ የሚበጀውም ለዚህ ነው።

በኬሞ ወቅት ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ቀጥታ ሆስፒታል ነው፤ ነገ እናያለን አይባልም። ነጭ የደም ሴል በብዛት የሚወርደው ከኬሞው በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ስለሆነ የበረራ ትኬት በእነዚያ ቀናት ባይቆረጥ ይሻላል።

ተስፋውን በተመለከተ፣ ጡት ውስጥ እያለ ከተያዘ 5 ዓመት የሚሻገሩት ከ90 በመቶ በላይ ናቸው፤ ወደ ሌላ አካል ከተሰራጨ በኋላ ግን ቁጥሩ በጣም ያንሳል። የመመለስ አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ሲሆን ከ5 ዓመት ወዲያ ይቀንሳል።

ሕክምናውን ውጭ የሚቀጥል ሰው ስላይዱን (ናሙናው በስሱ ተቆርጦ የተለጠፈበትን መስታወት) ብቻ ሳይሆን የሰም ብሎኩንም (ቀሪው ናሙና የተቀበረበትን ሰም) ይጠይቅ፤ ሰሙ ሙቀት ስለማይወድ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። የተሰጠው መድኃኒት በሚሊግራም ይጻፍለት፣ በተለይ ዶክሶሩቢሲን። ልብን ስለሚጎዳ ከመጀመሩ በፊት ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያስፈልጋል፤ ድምሩም ዕድሜ ልክ ገደብ ስላለው ቀጣዩ ሐኪም ከስንት እንደሚጀምሩ ማወቅ አለባቸው።