በአበባ ሞዴል ላይ የእምቡጥና የፍሬ ሽፋኖች አቀራረብ

የአበባን አካል ለማስተማር የሚያገለግል፣ በማግኔት የሚገጣጠም ትልቅ የፕላስቲክ ሞዴል ገዝቼ አንድ ሙሉ ሴሚስተር በክፍል ውስጥ ተጠቅሜበታለሁ። ወንዴና ሴቴ ክፍሎቹ በሌሎች ሞዴሎች ላይ ከሚታዩት እምብዛም ስለማይለዩ አላተኩርባቸውም፤ እኔ በጥንቃቄ የመረመርሁት አበባንና ፍሬን ከውጭ ሸፍነው የሚጠብቁት ክፍሎች እንዴት እንደ ቀረቡ ነው።

እምቡጡን በተመለከተ ሠሪዎቹ የሚደነቅ ጥንቃቄ አድርገዋል። አምስቱ ሴፓሎች፣ ማለትም እምቡጡን አቅፈው የሚይዙት አረንጓዴ ቅጠል መሰል ክፍሎች፣ አንድ በአንድ የሚነቀሉ ሲሆኑ አደራረባቸውም ልክ በጽጌረዳ ላይ እንዳለው ነው፤ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ከውጭ፣ ሁለቱ ከውስጥ ይሆናሉ፤ አምስተኛው በአንድ ጠርዙ ከላይ ተደርቦ በሌላው ጠርዙ ከጎረቤቱ ሥር ይገባል። በዚህ አደራረብ በሴፓሎቹ መካከል ክፍተት ስለማይቀር፣ ገና ያልጠነከሩት የውስጥ ክፍሎች ከድርቀትና ከነፍሳት እንዴት እንደሚጠበቁ ተማሪዎቼ በእጃቸው እየነቀሉና እየመለሱ ተረድተዋል። ይህን በሥዕል ብቻ ለማስረዳት ለዓመታት ደክሜአለሁ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ወደ ፍሬው ስንሸጋገር ነው። ከሞዴሉ ጋር የመጣው የፍሬ ቁራጭ አንድም ሴፓል የለበትም፤ ይህም ሴፓል ሁሉ ከአበባው ጋር አብሮ የሚረግፍ ያስመስላል። በእርግጥ የፖፒ ሴፓሎች አበባው ሲፈካ ይወድቃሉ፤ የቲማቲም ግን ፍሬው በስሎ እስኪቀጠፍ ድረስ ከአናቱ አይለዩም፤ የፊሳሊስ ሴፓሎች እንደ ፋኖስ ተነፍተው ፍሬውን በሙሉ ይሸፍኑታል፤ ከከርከዴም ለመጠጥ የሚደርቀው ቀይ ክፍል በፍሬው ዙሪያ የወፈረው ይኸው የሴፓሎች ሽፋን እንጂ ፔታሎቹ፣ ማለትም በሴፓሎቹ ውስጥ ያሉት ባለ ቀለም የአበባ ቅጠሎች፣ አይደሉም።

ከአበባው ሥር የሚበቅሉት ቅጠሎች፣ ማለትም ብራክቶች፣ ጨርሶ ተዘንግተዋል። በዚህም ምክንያት ተማሪዎቼ የቡገንቪሊያን ባለ ቀለም ብራክቶች አበባው ራሱ አድርገው ያዩአቸው ነበር፤ በመካከላቸው ያሉትን ትናንሽ ነጣ ያሉ እውነተኛ አበቦች የለዩት ቅርንጫፍ ቆርጬ ካመጣሁላቸው በኋላ ነው።

ማግኔቶቹ ጠንካራ ናቸው፤ ቀለሙ ግን ከጠርዞቹ መላጥ ጀምሯል። ስለ እምቡጥ ለሚያስተምር ሰው ሞዴሉን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ስለ ፍሬ ሽፋን የሚያስተምር ግን ቅጠሎቹ ያልተላጡ የበቆሎ እሸትና ከነአረንጓዴ ሴፓሎቹ የተቀጠፈ ቲማቲም ከጎኑ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።