የዲጄአይ ሚኒ 2 ባትሪ፦ ያልተጠበቀው ማስጠንቀቂያ ከየት ይመጣል?

ዲጄአይ ሚኒ 2 በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለገበያ የቀረበና 249 ግራም ብቻ የሚመዝን ባለ ካሜራ ድሮን ሲሆን፣ ከእሱ በኋላ አዳዲስ ሞዴሎች ቢወጡም ዛሬም በብዙ የሰርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ ቀራጺዎች እጅ ይገኛል። ስለ ምስሉ ጥራት ብዙ ስለተባለ እዚህ የምገመግመው ባትሪውን ብቻ ነው። ከባለሙያዎች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ባትሪው ገና ሠላሳና አርባ በመቶ እያሳየ ለምን ‹አለቀ፣ ተመለስ› ይለኛል?» የሚል ነው። በእኔ ግምት ማስጠንቀቂያው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው፤ የሚያደናግረው ምክንያቱ ከመልእክቱ ጋር አብሮ አለመነገሩ ነው።

ድሮኑ የሚያስጠነቅቀው ባትሪው አንድ የተወሰነ ቁጥር ላይ ሲደርስ ብቻ አይደለም። በበረራ ላይ እያለ ከተነሳበት ቦታ ምን ያህል እንደራቀና ምን ያህል ከፍ እንዳለ እያሰላ፣ የቀረው ኃይል ለመመለሻ ብቻ የሚበቃ መሆኑን ሲያውቅ መልእክት ያሳያል፤ አብራሪው ምላሽ ካልሰጠም ከአሥር ሰከንድ ቆጠራ በኋላ ራሱ ወደ ተነሳበት መመለስ ይጀምራል። ስለዚህ ድሮኑ ከአናትዎ በላይ ሲያንዣብብ ሠላሳ በመቶ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ሩቅ ሸለቆ ማዶ ከሆነ ግን ያው ሠላሳ በመቶ አይበቃም። ይህን የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መሰረዝ ይቻላል፤ ነገር ግን በተለይ ሲመለስ ንፋሱ ፊት ለፊት የሚመጣ ከሆነ እንዲሰርዙት ፈጽሞ አልመክርም። ኃይሉ ቀስ ብሎ ለመውረድ ብቻ የሚበቃበት ደረጃ ላይ ከደረሰ ድሮኑ ያለበት ቦታ ላይ ማረፍ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ መውረዱን ማስቆም አይቻልም።

በአምራቹ መግለጫ ላይ የሠፈረው 31 ደቂቃ ንፋስ በሌለበት፣ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲበር የተለካ ነው። በእኛ ደጋ ይህን ቁጥር መጠበቅ አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦ ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ በሳሳ መጠን ፕሮፔለሮቹ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ በፍጥነት መሽከርከር ስላለባቸው ከባትሪው የሚወሰደው ኃይል ይጨምራል። በዚህ ላይ የማለዳ ብርድ ሲታከልበት ባትሪው ኃይል በሚጠየቅበት ቅጽበት ቮልቴጁ በድንገት ይወርዳል፤ በመቶኛ የሚታየውም ቁጥር አብሮት ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ድሮኑን እስኪያስነሱ ድረስ ባትሪውን በውስጥ ኪስ ማቆየት፣ ድሮኑ ከተነሳም በኋላ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ሁለት ደቂቃ በማንዣበብ ባትሪው እንዲሞቅ ማድረግ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ የሚጮኸው ድሮኑ ሳይሆን መቆጣጠሪያው (ሪሞቱ) ነው። ሪሞቱ የተገናኘውን ስልክ ከራሱ ባትሪ ቻርጅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ስልክዎ ባዶ ሆኖ ከተሰካ ሪሞቱ ቶሎ ይዳከማል። ድሮኑን ለማብረር ስልክዎ ላይ በሚከፍቱት መተግበሪያ ውስጥ ይህን ማጥፋት ይቻላል።

የማስጠንቀቂያው ምክንያት ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ከሆነ ግን ባትሪውን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል፤ ይህን ባትሪ የማደንቀውም እዚህ ላይ ነው። በውስጡ ኃይል የሚያጠራቅሙ ሁለት ክፍሎች (ሴሎች) አሉ፤ በመተግበሪያው የደኅንነት ገጽ ውስጥ የባትሪ መረጃ የሚለውን ሲከፍቱ የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ፣ የባትሪው ሙቀትና ስንት ጊዜ ቻርጅ እንደተደረገ ይታያል። «ብዙ ያልሠራ» ተብሎ ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ያገለገለ ባትሪ መሬት ላይ ሁለቱም ሴሎች እኩል ያሳዩ ነበር፤ ድሮኑ በፍጥነት ሽቅብ ሲወጣ ግን አንደኛው ከሌላው በ0.2 ቮልት ገደማ ወርዶ ማስጠንቀቂያው ወዲያው መጣ። መውጣቱን ሲያቆም ሁለቱ ሴሎች እንደገና ተቀራረቡ። ይህ ያረጀ ሴል ምልክት ነው፤ ቻርጅ በማድረግ አይድንም። እንዲህ ያለውን ባትሪ ለቀረጻ መጠቀም በሰው ንብረትና በሰው ራስ ላይ መፍረድ ነው። ያበጠ ባትሪ ከሆነማ በድሮኑ ውስጥ መክተትም ቻርጅ ላይ መሰካትም አይገባም።

ለቀናት ያለ ሥራ የተቀመጠ ባትሪ እንዳያብጥ ራሱን በከፊል እንደሚያጎድል መታወቅ አለበት፤ ባለፈው ሳምንት ሙሉ ነበር ብሎ መነሣት አያዋጣም፤ በቀረጻው ዋዜማ መሙላት ይሻላል።

በአጠቃላይ የሚኒ 2 አዲስ ባትሪ ገንዘቡ የሚገባው ዕቃ ነው፤ በደጋ የሚሠራ ቪዲዮ ቀራጺም ቢያንስ ሦስት ቢኖረው መልካም ነው። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ደግሞ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ባትሪው ድሮን ላይ ገብቶ የቻርጅ ብዛቱ በስክሪን እንዲታይ፣ ከዚያም ድሮኑ ሽቅብ ሲወጣ የሁለቱ ሴሎች ቮልቴጅ እንዲነበብ ይጠይቅ፤ ሻጩ ይህን ለማሳየት ካልፈቀደ አይግዛ።