ሐይቅ ላይ «ዓሣው እየያዘ ነው» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

ደሴ አካባቢ ካለው ከሐይቅ ሐይቅ የተመለስነው አሁን ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ግን ከደሴም ከኮምቦልቻም ለእረፍት ወደዚያ የምትወርዱ ብዙ ስለሆናችሁ ሳልጽፈው ማደር አልፈለግኩም።

በጀልባ ዓሣ እናሰግራችሁ የሚሉትን ሰዎች ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ ገጽ አላቸው። ጠዋት ጠዋት «የዛሬ የሐይቁ ሁኔታ» ብለው ይለጥፋሉ። ውኃው ጸጥ ብሏል፣ ቆሮሶው እየያዘ ነው፣ ቦታ ሳይሞላ ፍጠኑ። ሥሩ ላይ አንድ ሰው ከመንጠቆ የተንጠለጠለ ትልቅ ዓሣ ይዞ ይስቃል። ስትደውሉ መልሱ «አብሽሩ» ነው። ከዚያ ቀብድ በቴሌብር። እኛን 3000 ብር አስከፈሉን፤ ጀልባ፣ ነዳጅ፣ መንጠቆና የሚያሰግር ሰው ጨምሮ ተብሎ።

የሄድኩት አባቴን ይዤ ነው። ልጅነታቸውን እዚያው ሐይቁ ዳር ነው ያሳለፉት። ያኔ ቆሮሶ የሚባል ሐይቁ ውስጥ አልነበረም፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ «ይኼን ቆሮሶ አንድ ቀን በእጄ ላውጣው» እያሉኝ ከርመዋል።

ንጋት 12 ሰዓት እንነሣለን ተባልን። የተነሣነው 4 ሰዓት አልፎ ነው። ላይፍ ጃኬት ስጠይቅ አንድ የተቀደደ ወረወሩልኝ፤ ለአባቴ ሰጠኋቸው። ከዚያ በቀጥታ ወደ መሀል ነዱ። አባቴ «ልጄ፣ ወደ ሸምበቆው ጠጋ በል እንጂ» አሉት። እውነታቸውን ነው። ሐይቁ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል። ቆሮሶ ደግሞ የሚውለው ዳር ዳሩን፣ አልጌና ሣር ያለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነው። አምባዛም ቢሆን ታች መሬቱን እያሰሰ በደንብ የሚበላው ማታ ነው። በጠራራ ፀሐይ መሀል ሐይቅ ላይ ትል ሰቅሎ ምን ይገኛል? ነጂው ግን መልስም አልሰጣቸው። ጆሮው ላይ የሰካውን ማዳመጫ እንኳ አላወጣም።

መሀል ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ። መንጠቆ ጣልን። ምንም የለም። ንፋሱ ተነሥቶ ጀልባዋን ያላጋት ጀመር። ይኼኔ ረዳቱ ከመቀመጫው ሥር ማዳበሪያ ጎተተ። ውስጡ ዓሣ ነው። አንዱን ቆሮሶ አወጣና አፉን በአባቴ መንጠቆ ወጋው። ዘንጉን መልሶ አስያዛቸው። ነጂው ስልኩን ደግኖ «ፋዘር፣ ከፍ ያድርጉትና ፈገግ ይበሉ» አለ።

እኔ ወዲያው አልገባኝም። አባቴ ግን ገባቸው። ዓሣውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ስንጥቡን፣ መተንፈሻውን ማለቴ ነው፣ በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉት። ቀይ መሆን የነበረበት ቡናማ ሆኗል። ዓይኑ ጎድጉዷል። ሆዱን ጫን ሲሉት ሰርጉዶ ቀረ፤ አልተመለሰም። «ይኼ እኮ ትናንት የሞተ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ልጁ ሳቀ። ወደ ረዳቱ ዞሮ «ፋዘር ደግሞ የዓሣ ሐኪም ናቸው መሰለኝ» አለው። ከዚያ ወደ እኔ፦ «ከወሰዳችሁት ኪሎው ለብቻ ይታሰባል። ፎቶው በነፃ ነው።»

ወላሂ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ያ ገጽ ላይ የሚስቀው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የተነሣው ማለት ነው። አባቴን ለቀጣዩ ሰው ማጥመጃ ሊያደርጓቸው ነበር። ዘንጉን ከእጃቸው ወስጄ ጀልባው ወለል ላይ አስቀመጥኩት። ወደ ሸምበቆው ውሰደን ስለው ሌላ 1000 ብር ጨምር አለኝ። መልሰን ስለው ደግሞ አንድም ቃል ሳይናገር መለሰን። ዳር ወጥተን ገንዘባችንን ስንጠይቅ «ዓሣ አልበላ ካለ እኛ ምን እናድርግ?» ብሎ ጥሎን ሄደ። አሁን ስልኬን ብሎክ አድርጎታል።

ገንዘቡ ይቆጨኛል። የበለጠ የሚያንገበግበኝ ግን በአባቴ ላይ የሳቀው ሳቅ ነው። እስከ ደሴ ድረስ በመስኮት ሲያዩ መጡ እንጂ ቃል አልወጣቸውም።

ሐይቁ ምንም አልበደለንም። ጎርፍ ባስገባው በኩል ዳሩ ደፍርሷል እንጂ ሌላው ጥርት ያለ ነው። ጠዋት ውኃው ይረጋል፣ ንፋሱ የሚመጣው በኋላ ነው። አስጋሪዎቹ ማታ የዘረጉትን መረብ ጠዋት ሲያወጡ ዓሣ ይዘው ሲወጡ አይተናል። መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ቀብድ አትላኩ፤ ዳር ደርሳችሁ፣ ጀልባውን አይታችሁ፣ የት እንደሚወስዳችሁ ተነጋግራችሁ ክፈሉ። ዓሣ ስትገዙም ስንጥቡን ግለጡት። ለዚህ ቅዳሜ ቀብድ የላካችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውላችሁ ገንዘባችሁን አስመልሱ።