ለመጀመሪያው የተራራ ብስክሌት ጉዞ፦ ሄዶ መመለስ ወይስ ማቋረጥ?

ድንኳንና ስንቅ ብስክሌት ላይ ጭኖ ሰው ወደማይበዛበት ተራራ ለመውጣት ያሰበ ጀማሪ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ በሄዱበት መንገድ መመለስ ነው። ሌላው ተራራውን አቋርጦ በወዲያኛው በኩል መውጣት።

ማቋረጡ ልብ ይስባል። በየቀኑ አዲስ ነገር ይታያል። ችግሩ የሚመጣው መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ጉልበት ቢያልቅ ወይም ሰንሰለት ቢበጠስ፣ ከፊት ያለውን መንገድ አያውቁትም። ሲጨርሱም ወደ መነሻው የሚመልስ መኪና ያስፈልጋል።

ሄዶ መመለስ ይሰለቻል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሲወጡት ያላዩትን ሲወርዱ ያዩታል። ትልቁ ጥቅሙ ግን በፈለጉበት ሰዓት መዞር መቻሉ ነው። ምንጩ የት እንዳለ፣ ድንኳን የት እንደሚመች፣ የትኛው ቦታ ከብስክሌት ወርዶ መግፋት እንደሚያስፈልግ አስቀድመው አይተውታል። ከፍታም አለ። ከ2500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጠና መፍትሔው መውረድ ነው። ለሚመለስ ሰው መውረጃው የሚያውቀው መንገድ ነው። የሚያቋርጠው ግን ለመውረድ መጀመሪያ ሌላ ዳገት ሊጠብቀው ይችላል።

ዕቃው ለሁለቱም ያው ነው፦ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ፓምፕ፣ የሰንሰለት መፍቻ፣ የውሃ ማጣሪያ። ሙቅ ልብስ ክብደት ለመቀነስ ተብሎ አይተውም፤ በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል።

ለጀማሪ ያለ ማመንታት ሄዶ መመለስን እመርጣለሁ። ሁለት ሌሊት ይበቃል። ብቻ መንገዱንና የመመለሻውን ቀን ለአንድ ሰው ጽፎ መስጠት ግድ ነው፤ ተራራ ላይ ኔትወርክ አይታመንም።