ለቶርኖ ቤት የሚበረክት ኪቦርድ፦ ባሕር ዳር ላይ የትኛው ያዋጣል?

ቶርኖና ፍሬዛ (ብረት የሚቆርጡ ማሽኖች) ባለበት ቤት ኪቦርድ ቢሞት ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ሌላ ይገዛል። የሚያስፈራው ቁልፉ ተጭኖ ሲቀር ነው። ማች3 በተባለው ፕሮግራም በሚሠራ ሲኤንሲ (በኮምፒዩተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን) ላይ የኤክስና የዋይ አቅጣጫዎች በቀስት ቁልፎች፣ የዜድ አቅጣጫ ደግሞ በፔጅ አፕና በፔጅ ዳውን ይነዳሉ። ግሪስና የብረት ብናኝ ያጣበቁት ቁልፍ ካልተመለሰ ኮምፒዩተሩ ጣት አሁንም አለበት ብሎ ይቆጥራል፤ መቁረጫው ሥራውን የያዘው ሞርሳ ላይ እስኪጋጭ ይሄዳል። ገመድ አልባውም ያው ነው፦ ምልክቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ቁልፉ መለቀቁ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ለማሽን ባለገመድ ብቻ። ድንገተኛ ማቆሚያውም በራሱ ገመድ የተያያዘ ቀይ ቁልፍ እንጂ የኪቦርድ ቁልፍ አይሁን።

በከተማው ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በብዛት የሚገኘው ተራው የቢሮ ኪቦርድ ነው። ውስጡ ሦስት ስስ ፕላስቲኮች ተደራርበዋል፤ የላይኛውና የታችኛው የኤሌክትሪክ መስመር ታትሞባቸዋል፣ የመሃሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ዘይት የተቀላቀለበት የማቀዝቀዣ ውሃ በመካከላቸው ሲገባ መስመሩን ይበላዋል። ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐይቁ ዳር ባሉ ቤቶች፣ የገባው እርጥበት ቶሎ አይደርቅም። ብልሽቱን መለየት ቀላል ነው፦ አንድ ቁልፍ ብቻ እምቢ ካለ ቆሻሻ ነው፣ ይጸዳል፤ ብዙ ቁልፎች በአንድ ጊዜ ከሞቱ መስመሩ ተበልቷል፣ መልፋት አያስፈልግም። ለሒሳብና ለንድፍ ጠረጴዛ ግን ከዚህ የተሻለ ፍለጋ ብር ማባከን ነው። ስስ ላስቲክ ሸፍኖ ላስቲኩን በየሳምንቱ መቀየር ይበቃል።

ለጌም ተብሎ የሚሸጠው ሜካኒካል ኪቦርድ 50 ሚሊዮን ጊዜ ቢጫን ይችላል ይባላል። ቁጥሩ ስለ ብናኝ የሚናገረው ነገር የለም። የእያንዳንዱ ቁልፍ ዙሪያ ክፍት ስለሆነ የግራይንደር ብናኝ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጥቅሙ የተበላሸችውን ቁልፍ ብቻ ነቅሎ መተካት መቻሉ ነው።

የሚጠቀለለው የሲልከን ኪቦርድ ውሃ አይፈራም፤ ናፍጣ፣ ላምባና ቤንዚን ግን ያሳብጡታል። ቶርኖ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉ ነገር በናፍጣ ይታጠባል! ቁልፎቹም ለስላሳ ስለሆኑ በጓንት ሲጫኑ መመታታቸው አይታወቅም።

ለማሽኑ የሚሻለው ሙሉ በሙሉ የታሸገ፣ ጠንካራ ገጽ ያለው የኢንዱስትሪ ኪቦርድ ነው። ዋጋው ከቢሮው ብዙ ይበልጣል፣ ብዙ ጊዜም በትዕዛዝ ነው የሚመጣው። አይፒ65 የሚል የብናኝና የውሃ መከላከያ ደረጃ ምልክት ይኑረው፦ 6ቱ ብናኝ ጨርሶ አይገባም፣ 5ቱ የሚረጭ ውሃ አይጎዳውም ማለት ነው። አይፒ67 አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ መቆየትን ያመለክታል፤ ለዚህ ሥራ ትርፍ ነው። ሁለቱም ግን ዘይትን አይለኩም፤ ገጹ ከምን እንደተሠራ ሻጩን መጠየቅ ግድ ነው። “ውሃ ይቋቋማል” የሚል ጽሑፍ ብቻ ካለበት ብዙ ጊዜ ከሥሩ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለው ማለት ነው፣ ብናኝ አይከለክልም።

ከመግዛት በፊት ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ፣ ጓንት አድርጎ አራቱን ቀስቶች አንድ በአንድ መጫንና መልቀቅ ያስፈልጋል። ፔጅ አፕ ኤፍኤን ከሚባለው ቁልፍ ጋር ካልተጫነ የማይሠራበት ትንሽ ኪቦርድ ይቅር፤ አንዱ እጅ ሥራው ላይ ነው። የቁጥር ክፍል ይኑረው። ፊደሉ ላዩ ላይ ብቻ የታተመ ከሆነ ቅባት ያለበት አውራ ጣት ቶሎ ያጠፋዋል፤ በሌዘር የተቀረጸው ይቆያል።

ሲተከል ተጋድሞ ሳይተኛ ግድግዳ ላይ ወይም በማሽኑ መያዣ ክንድ ላይ ቀጥ ቢል የብረቱ ፍቅፋቂ ራሱ ይወርዳል። ገመዱ ከ3 ሜትር ባይበልጥ፣ ከስፒንድሉ (መቁረጫውን ከሚያሽከረክረው ዘንግ) ኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ገመድ ጋርም አንድ ቱቦ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል፤ የኢንቨርተሩ የኤሌክትሪክ ረብሻ ዩኤስቢውን ሊያቋርጠው ይችላል።

ጽዳት ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት የኮምፕረሰር አየር ነው። ብናኙን ወደ ውስጥ ይነዳዋል፣ ታንኩ ካልተንጠፈጠፈ ውሃም ይጨምርበታል። ኪቦርዱን ነቅሎ፣ በብሩሽ ጠርጎ፣ 70 በመቶ አልኮል ባረጠበው ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ ሲደርቅ መልሶ መሰካት ነው።