ስልክ ሲመርጡ የማዕድኑን ነገር በምን ይመዝኑታል? አራት አማራጮች ጎን ለጎን

«ከግጭት ማዕድን ነጻ» የሚል ጽሑፍ ስላዩ ብቻ ስልክ አይግዙ። ጽሑፉ የግድ ውሸት አይደለም፤ የሚሸፍነው ነገር ግን ጠባብ ነው። ሽያጫቸው በዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎና በአካባቢዋ ታጣቂዎችን ሊደጉም ስለሚችል በሕግ የግጭት ማዕድናት የሚባሉት አራት ናቸው፦ ቲን፣ ታንታለም፣ ተንግስተንና ወርቅ። ቲኑ ክፍሎቹን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዘው ብየዳ ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ቅይጥ 96.5 በመቶ ቲን፣ 3 በመቶ ብርና 0.5 በመቶ መዳብ ነው። ታንታለሙ ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅሙት ጥቃቅን ክፍሎች፣ ካፓሲተሮቹ፣ ውስጥ አለ። ስልኩ ሲነዝር ውስጡ የሚሽከረከረው ክብደት በአብዛኛው ተንግስተን ነው፤ የወርቅን ያህል ስለሚከብድ ትንሿ ቁራጭ ትበቃለች። ወርቁ መገናኛዎቹ ላይ ተለብጧል፤ በአንድ ስልክ 0.03 ግራም ገደማ ይሆናል። የባትሪው ኮባልት ግን ከአራቱ አይቆጠርም። ስለዚህ ጽሑፉ ስለ ኮባልቱ ምንም ቃል አይገባም፤ የዓለም ኮባልት አብዛኛው የሚወጣው ደግሞ ከዚያችው ከዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ ነው።

ኩባንያዎችን ስናነጻጽር ዓይናችን ማቅለጫዎቹ ላይ መሆን አለበት። ከብዙ ጉድጓድ የወጣ ኮልታን (ታንታለም የሚገኝበት ማዕድን) በነጋዴዎች እጅ ተቀላቅሎ ማቅለጫ ይደርሳል፤ አንዴ ከቀለጠ የቱ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም። ቆፋሪዎቹም የዕቃ ፋብሪካዎቹም እልፍ ናቸው፤ መሀል ያሉት ማቅለጫዎች ግን ጥቂት መቶ ስለሆኑ ኦዲቱ የሚደረገው እዚያ ነው። ሪስፖንሲብል ሚነራልስ ኢኒሼቲቭ የተባለው ማኅበር ኦዲት ያለፉትን ስማቸውን እየጠቀሰ ያወጣል።

ለዚሁ ዓላማ የተቋቋሙ አምራቾች

የሆላንዱ ፌርፎንና የጀርመኑ ሺፍት እዚህ ይመደባሉ። ፌርፎን ከኮንጎ አልሸሸም፤ በ2016 በፌርትሬድ የተመሰከረለት ወርቅ ወደ አቅርቦት ሰንሰለቱ አስገብቷል፣ በ2020 ደግሞ በእጅ የሚቆፍሩ የኮባልት ሠራተኞችን ሁኔታ ለማሻሻል የተመሠረተውን ጥምረት ተቀላቅሏል። በ2023 የወጣው ፌርፎን 5 የ5 ዓመት ዋስትናና ቢያንስ የ8 ዓመት የሶፍትዌር ድጋፍ አለው፤ ባትሪው ያለ መሣሪያ፣ በጥፍር ይወጣል። ሺፍት የመረጠው መንገድ ሌላ ነው፤ የታንታለም ካፓሲተሮችን በሴራሚክ ተክቷል። ሁለቱም ሐቀኛ መንገዶች ናቸው፤ የእኛ ምርጫ ግን የመጀመሪያው ነው፣ ቆፋሪውን ገበያ ስለማያሳጣው። ድክመታቸው በሁሉም አገር አለመሸጣቸውና በዚያው ዋጋ ከሌሎች ዘንድ የተሻለ ካሜራና ፍጥነት መገኘቱ ነው።

ሪፖርት የሚያወጡ ትልልቅ ብራንዶች

አብዛኛው ገዢ የሚመርጠው ከእነዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በ2010 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ አንቀጽ 1502፣ እዚያ አክሲዮን ገበያ ውስጥ ያሉና በምርታቸው አራቱን ማዕድናት የሚጠቀሙ ኩባንያዎች በየዓመቱ እስከ ሜይ 31 ስለ ማዕድኑ ምንጭ የሚገልጸውን ፎርም ኤስዲ እንዲያስገቡ ያዛል። ሕጉ ሪፖርት ያስጠይቃል እንጂ ግዢውን አይከለክልም። ከ2021 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ደግሞ ማዕድንና ብረቱን የሚያስገቡትን ይመለከታል እንጂ ያለቀለት ስልክ የሚያስገባውን አይነካም።

ፎርሙ በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይነበባል። የኩባንያውን ስም ፈልገው ኤስዲ የሚለውን ይክፈቱ፤ ከዚያ አባሪውን ከመጨረሻው ገጽ ይጀምሩ። ጥሩ ሪፖርት የማቅለጫዎቹን ስም በሰንጠረዥ ያስቀምጣል። ከታንታለምና ከወርቅ አምስት አምስት ስም መርጠው ኦዲት ካለፉት ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። ዝርዝር ከሌለ ሌላውን ማንበብ አያስፈልግም።

ሲያነቡ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። «95 በመቶ አቅራቢዎቻችን መለሱ» ማለት መጠይቅ ተሞልቶ ተመለሰ ማለት ነው፤ ጉድጓዱ ታየ ማለት አይደለም። አቅራቢው የሚልከው ዝርዝርም ብዙ ጊዜ ፋብሪካው በሙሉ የሚጠቀምባቸውን ማቅለጫዎች የያዘ እንጂ የእርስዎን ስልክ ብቻ የሚመለከት አይደለም። በተቃራኒው በዓመቱ ውስጥ ስንት ማቅለጫ እንደተወገደና ለምን እንደሆነ የሚጽፍ ኩባንያ እየሠራ ነው፤ ችግር አላገኘሁም የሚለውን ይጠራጠሩት።

የሪፖርቱን ዓመትም ይመልከቱ። ኤም23 የተባለው ታጣቂ ቡድን በምሥራቅ ኮንጎ፣ ሰሜን ኪቩ የሚገኘውን የማዕድን አካባቢ ሩባያን የያዘው በኤፕሪል 2024 ነው፤ ከዓለም ታንታለም 15 በመቶ ገደማ የሚወጣው ከዚያ አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ማረጋገጫ ዛሬ ብዙም አይጠቅምም። አሠራሩ የሚበላሸው ከሥሩ ነው፦ ማዕድኑ ማውጫው ላይ በከረጢት ሆኖ ቁጥር ያለው መለያ ይታሰርበታል፤ መለያው ከተሸጠ ወይም ከሌላ ጉድጓድ በወጣ ከረጢት ላይ ከታሰረ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት ሁሉ የተስተካከለ ይመስላል።

አፕል በ2024 አቅራቢዎቹ አራቱን ማዕድናት ከኮንጎና ከሩዋንዳ መግዛት እንዲያቆሙ ማዘዙን አስታውቋል። ጦርነት ሲባባስ ይህ ምክንያት ያለው እርምጃ ነው፤ ለገዢው ግን የመልካም ሥራ ማስረጃ ተደርጎ ሊቀርብለት አይገባም። በ2011 ገዢዎች ከምሥራቅ ኮንጎ ሲሸሹ በሕጋዊ መንገድ የሚቆፍረው ሰው እንጀራውን አጣ፤ የኮንትሮባንድ ንግዱ ግን ቀጠለ። «ዳግም ጥቅም ላይ የዋለ ወርቅ» የሚለውም ማጣራት ይፈልጋል። አዲስ የወጣ ወርቅ አንዴ ቀልጦ ጌጥ ከተሠራ በኋላ «አሮጌ» ተብሎ ሊገባ ይችላልና፣ ያጣራው ማቅለጫ ስሙ መጠቀስ አለበት።

የታደሰ ስልክ

አዲስ ማዕድን አያስወጣም፤ ከተለወጠለት ባትሪ በስተቀር። አደጋው ዕድሜው ላይ ነው። ስልኩ በወጣበት ዓመት ላይ አምራቹ ቃል የገባውን የድጋፍ ዓመት ደምረው ካሁኑ ዓመት ጋር ያስተያዩ፤ የቀረው ከሁለት ዓመት ካነሰ ይለፉት። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ 7 ዓመት ስለሚሰጡ እነዚህ ታድሰውም ያዋጣሉ። የባትሪው አቅም ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የባትሪውን ዋጋ ከስልኩ ላይ ያስቀንሱ።

ሪፖርት የሌላቸው ርካሽ ስልኮች

የማቅለጫ ዝርዝር የለም፣ የድጋፍ ዓመት አይጻፍም፣ መለዋወጫ አይገኝም። በዚያው ገንዘብ የታደሰ ይግዙ።

እንግዲህ ምርጫው፦ ፌርፎን በአገርዎ ከተሸጠና ካሜራው ከበቃዎት እሱን ይውሰዱ። ካልሆነ የታደሰውን ያስቀድሙ። አዲስ የግድ ከሆነ ደግሞ የማቅለጫ ዝርዝሩን የሚያወጣ፣ 7 ዓመት የሚደግፍ ብራንድ ይምረጡ። የያዙት ስልክ የደከመው ባትሪው ብቻ ከሆነ ግን ሳይገዙ በፊት ባትሪውን ያስቀይሩ፤ ግራሞች ኮባልት ይፈጃል፣ ታንታለሙና ተንግስተኑ ግን ባሉበት ይሠራሉ። ባለሙያው ሲከፍተው የድሮው ባትሪ አብጦ ከተገኘ አይውጉት፣ አይጫኑት፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይጣሉት፤ ለባትሪ ሰብሳቢ ይስጡት።