ዘጠኝ ወር ከብሮኬድ ጂ620 ጋር፦ የስቶሬጅ መረቡን ትራፊክ ማየት ስጀምር

የምሠራው ደብረ ማርቆስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ሩም ውስጥ ነው። ሁለት ብሮኬድ ጂ620 የፋይበር ቻናል ስዊቾች አሉን፣ ባለ 32 ጊጋቢት፤ ሰርቨሮቹን ዳታው ከሚቀመጥበት ስቶሬጅ ጋር የሚያገናኙት እነሱ ናቸው። ውስጣቸው ያለውን የትራፊክ መከታተያ፣ ፍሎው ቪዥን የሚባለውን፣ ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ እጠቀማለሁ። አሁን ግንቦት ነው፤ ስለ እሱ በደንብ መናገር የምችል ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ጠዋት ጠዋት፣ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት፣ ዳታቤዙ ይንቀራፈፋል። ስልክ አያርፍም። ስቶሬጁን ያስገባልን ድርጅት ባለሙያ ልኮ «ዲስኩ አልቻለም፣ ፍላሽ ጨምሩ» አለን። የፖርቶቹን ፍጥነት ሳይ ግን አንዱም የአቅሙን ግማሽ አልነካም። መስመሩ ክፍት፣ ሰው ግን ይጮኻል። እንቅልፍ ነሳኝ።

ፖርት ብቻ ካያችሁ የምታገኙት ድምሩን ነው። የፍሎው ቪዥን አንዱ ክፍል የሆነው ፍሎው ሞኒተር ግን ማን ከማን ጋር እንደሚላላክ ለይቶ ያወጣዋል። የስቶሬጁን ፖርት ሰጠሁት፣ ላኪና ተቀባይ የሚለው ቦታ ላይ «ማንም ይሁን» የሚለውን የኮከብ ምልክት አስገባሁ፣ ተውኩት። ጥንዶቹን ራሱ ለቅሞ ዘረዘረልኝ። ጂ620 ላይ አይኦ ኢንሳይት የሚባል መለኪያም ስላለ፣ ለማንበብና ለመጻፍ የተላከው ጥያቄ ምላሹ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ጭምር ታያላችሁ። ይህ ሁሉ የሚቆጠረው በስዊቹ ቺፕ ላይ ነው፤ ሥራውን አያዘገይም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ታየኝ። የሌሊቱ ባክአፕ ሳያልቅ ነበር የሚነጋው፣ ባክአፕ ሰርቨሩ ደግሞ ባለ 8 ጊጋቢት አሮጌ ካርድ ነው፣ ስቶሬጁ በ32 ያወርድለታል፣ እሱ ግን ተቀብሎ አይጨርስም። ፋይበር ቻናል ላይ ተቀባዩ ቦታ እንዳለው በክሬዲት ካላሳወቀ ላኪው አይልክም። ወፍጮ ቤት አስቡ። አንዷ ጆንያዋን በጊዜ ካላቀረበች ዱቄቱ አይወርድም፣ ወፍጮው ይቆማል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ እህሉን ይዞ ይቆማል። ወፍጮው ምንም አልሆነም! የኛም ዲስክ ምንም አልሆነም ነበር። ያረጋገጠልኝ ክሬዲት ዜሮ የሆነበትን ጊዜ በየ2.5 ማይክሮሰከንዱ የሚመዘግበው ቆጣሪ ነው። የባክአፕ ሰርቨሩ ፖርት ላይ ባየሁት ቁጥር ሽቅብ ይሮጣል፣ ሌሎቹ ላይ ዝም ብሏል።

አዲሱ ካርድ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ባክአፑ በአንድ ጊዜ የሚከፍታቸውን ሥራዎች ከ6 ወደ 2 ቀነስኩ፣ መጀመሪያውንም ከምሽቱ 3 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት አመጣሁት። በማግስቱ ጠዋት ስልክ አልጮኸም። ፍላሹን አልገዛንም። መሥሪያ ቤቱ ሊያወጣ የነበረውን ገንዘብ ሳስበው እስካሁን ደስ ይለኛል።

በጋ ላይ አቧራውም ገባ። አንድ ሰርቨር ላይ የሲአርሲ ስህተት፣ ማለትም መንገድ ላይ የተበላሸ ዳታ፣ መቁጠር ጀመረ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፍሬሙ (አንዱ የዳታ እሽግ) መጀመሪያ የተበላሸበትን ፖርት የሚያሳየው ከሲአርሲው ጎን ያለው ጂ ኢኦኤፍ የሚለው ቆጣሪ ነው። ሲአርሲ ብቻ ጨምሮ እሱ ካልጨመረ፣ ብልሽቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የኛ ሁለቱም ጨመሩ። የፋይበሩን ጫፍ ጠረግኩት፣ ቆመ።

ስዊቹ ላይ ችግር ሲያይ ማስጠንቀቂያ የሚልከውን ማፕስን በሞደሬት (መካከለኛው) ፖሊሲ ጀምሩ። እኔ በትንሽ ነገር የሚጮኸውን አግረሲቩን አበራሁትና በአንድ ሳምንት ኢሜይሌ ሞላ፤ እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ዋናውን ማስጠንቀቂያ ማንም አያነበውም።

ያልተመቸኝም አለ። መብራት ሄዶ ጀነሬተሩ ሳይነሳ ዩፒኤሱ ካለቀ፣ ስዊቹ ሲመለስ ቆጣሪዎቹ ከዜሮ ይጀምራሉ። የትናንቱን ከዛሬው ማወዳደር የለም። ስለዚህ በየሰዓቱ ቁጥሩን እየጎተተ ፋይል ላይ የሚያስቀምጥ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ። በግራፍ ማየት ለሚፈልግ ሳናቭ የሚባል የማስተዳደሪያ ሶፍትዌር አለ፣ ግን ራሱን የቻለ ላይሰንስ ይጠይቃል፤ ለሁለት ስዊች እኔ አላስፈለገኝም።

ስዊች ልትገዙ ከሆነ ፕሮፎርማው ላይ ፍሎው ቪዥንን የሚከፍተው ፋብሪክ ቪዥን የሚለው ላይሰንስ በስሙ ተጽፎ መኖሩን እዩ። የኛ ሻጭ «ሁሉም አብሮ አለ» ብሎን ነበር፣ ዕቃው ደርሶ ስንከፍተው አልነበረም፣ ለዚያ ብቻ ሁለት ወር ጠበቅን።